ቤዝ ጊታር፦ በቴፑ ሳንሰማው የኖርነው ድምፅ



ዛሬ የምናወራው ስለ ቤዝ ጊታር ነው። ልጆቻችን በዕብራይስጡ «ጊታራ ባስ»፣ ሲያሳጥሩትም «ባስ» የሚሉትን ማለቴ ነው። «ደግሞ እሱ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ አትጠፉም። አለው። እንዲያውም እኛ ስንጨፍርበትና ስናለቅስበት የኖርነው ዘፈን ታሪክ ነው፤ ግማሹ ብቻ ጆሯችን ሳይደርስ ቀረ እንጂ።

ነገሩ በየቤቱ የሚነሳ ነው። ልጅ ከማትናስ ወይም ከትምህርት ቤት ይመጣና «ባስ ልማር» ይላል። ጊታር ቢል ወላጅ ይገባዋል። ፒያኖ ቢል ለዘመድ የሚወራ ነው። ክራር ቢልማ አያት ብድግ ብለው ይመርቁታል። ባስ ሲል ግን ቤቱ ዝም ይላል። አራት ወፋፍራም ክር፣ ዜማው የማይለይ፣ ከግድግዳው ወዲያ ዱም ዱም ብቻ የሚሰማ። «ለዚህ ነው ገንዘብ የምንከፍለው?» የሚል አለ። «የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ በእኛ ሙዚቃ ውስጥ ይሄ የለም» ብሎ የሚዘጋውም አለ። ይህን ያስጻፈችኝ ይቺ የመጨረሻዋ አባባል ናት። ትክክል አይደለችምና። በማሕሙድ አሕመድ ዘፈን ውስጥ ባስ አለ። በአስቴር አወቀም ዘፈን ውስጥ አለ። ባሱን ብታወጡት ዘፈኑ ምሰሶው እንደተነቀለ ጎጆ ነው የሚሆነው።

ታዲያ ለምን አልሰማነውም? በቴፑ ምክንያት ነዋ!

እስቲ ያንን ቴፕ አስታውሱት። ድንጋዩ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ የሚሄድ፣ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና የምንከተው። የዚያ ቴፕ ድምፅ ማጉያ የመዳፍ ያህል ነበር። የባስ ትልቁ ክር ሲነካ ደግሞ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ድምፁ ወፍራም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የወንድ ዘፋኝ ድምፅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ100 በላይ ነው። እንዲህ የወፈረ ድምፅ ለመስማት ብዙ አየር የሚገፋ ሰፊ ማጉያ ያስፈልጋል፤ የመዳፍ ያህሏ ማጉያ አቅሙ የላትም። ስለዚህ ዘፋኙን፣ ሳክስፎኑንና ኦርጋኑን አሳልፋ ባሱን ታስቀረው ነበር። ዛሬ በስልክ የምንሰማውም እንደዚያው ነው፣ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ያንኑ የድሮ ዘፈን በደህና ማዳመጫ ወይም በትልቅ ማጉያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «ይሄ ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። ከየትም አልመጣም፤ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር።

አሁን ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ባስ ከመደበኛው ጊታር ረዘም ይላል፣ ክሮቹም አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። የመደበኛው ጊታር አራቱ ወፋፍራም ክሮች ስምም ይኸው ነው፤ የባሱ ግን አንድ ሙሉ ኦክታቭ ወደ ታች ይወርዳል። ግራ እጅ አንገቱ ላይ ያሉትን ፍሬት የሚባሉ የብረት መስመሮች እየተከተለ ክሩን ይጫናል። ቀኝ እጅ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት እየተቀያየረ፣ እንደሚራመድ ሰው እግር፣ ክሩን ይነካል። በፕላስቲክ መምቻ የሚጫወቱም አሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ክሩን መንካቱ አይደለም፤ ማቆሙ ነው። ወፍራም ክር አንዴ ከተነካ ዝም ብሎ ይጮሃል፤ በጊዜው በጣት ወይም በመዳፍ ካልታፈነ ቀጣዩን ድምፅ ያበላሸዋል። ጥሩ ባሲስት የሚለየው መቼ ዝም እንደሚል በማወቁ ነው ይባላል። እውነትም ነው።

መሣሪያው የተወለደው አሜሪካ ነው። ከዚያ በፊት ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ኮንትራባስ የሚባለው፣ ቆመው የሚጫወቱት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ እንጨት ነበር። እሱን ይዞ ከከተማ ከተማ መዞር መከራ ነው፤ ከበሮና መለከት ሲነሳበት ደግሞ አይሰማም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊዮ ፌንደር የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም። 1951 ላይ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ በኤሌክትሪክ የሚሰማ ባስ ሠርቶ ለገበያ አወጣ። በ1930ዎቹ ፖል ተትማርክ የሚባል የሲያትል ሰው ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር፣ ገበያ አላገኘም እንጂ። ፌንደር መሣሪያውን «ፕሪሲሽን» አለው፣ ትክክለኛ እንደ ማለት። ኮንትራባስ ፍሬት ስለሌለው ጣት ትንሽ ከሳተ ድምፁ ይሳሳታል፤ በዚህኛው ግን የብረቱ መስመር ያርመዋል።

አጨዋወቱን ያሳደጉት ተጫዋቾቹ ናቸው። በዲትሮይት የሞታውን ኩባንያ ቤት ውስጥ ጄምስ ጀመርሰን በአንዲት ሌባ ጣት ብቻ የዓለምን ጆሮ ቀየረ። ላሪ ግራሃም ደግሞ ከእናቱ ጋር ነበር የሚሠራው፤ እናቱ ፒያኖ ይጫወታሉ ይዘፍናሉም። ከበሮ መቺያቸው ሲለያቸው ልጅ በአውራ ጣቱ ክሩን እየደበደበ የከበሮውን ቦታ ሸፈነ። ዛሬ ልጆቻችን በዩቲዩብ የሚያዩት፣ ክሩን በአውራ ጣት ቷ ቷ የሚያደርጉበት አጨዋወት ከዚያ የመጣ ነው። እናቱን ለማገዝ ብሎ የጀመረው ነገር ነው እንግዲህ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ደገኛው ዜማ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ሞልቷል፤ ሥራው ግን ሌላ ነበር። ከበሮ አለ። ቄሶቻችን በጸሎት የሚመቱት ነጋሪት አለ። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች በጾም የሚደረድሩት፣ የዳዊት ነው የሚሉት በገና አለ፤ አሥር ክሮች ያሉት፣ በየክሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ እየገባ እንደ ንብ እዝዝ የሚል። በገና ለብቻው ነው የሚደረደረው፣ ለጭፈራ አይሆንም። ዘፈን ሲሆን ግን ማሲንቆው፣ ክራሩና ዋሽንቱ ሁሉም ዘፋኙን ተከትለው ያንኑ አንድ ዜማ ነው የሚሉት። ከሥር ሌላ መንገድ ይዞ የሚሄድ ድምፅ አልነበረም።

ከሥር የሚሄደው ድምፅ የገባው ከማርሽ ባንድ ጋር ነው፤ መንገዱም በኢየሩሳሌም በኩል ነው! ራስ ተፈሪ 1924 ላይ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ፣ መለከት የሚነፉ ወላጅ አልባ ልጆችን አዩ። አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በእንዲህ ዓይነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ውስጥ የታችኛውን ድምፅ የሚይዘው ቱባ የሚባለው ትልቁ ቀንድ ነው። በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ተስፋፉ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ 1955 ላይ በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙዎችን አስተማረ። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ሸክላ መጣ። አስመራ በነበረው የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና በሰላም ጓዶቹ ሻንጣ በኩል የዲትሮይቱ ሶል አገር ውስጥ ገባ። ቤዝ ጊታርም አብሮ ገባ።

እዚህ ላይ ልዝለለው የማልፈልገው ነገር አለ። የፈረንጅ ባሲስት ዋና ሥራው «አሁን ኮርዱ ተቀየረ» ብሎ መንገር ነው። የእኛ ዘፈን ግን በአብዛኛው አይቀየርም። ትዝታም በለው ባቲ፣ አምባሰልም በለው አንቺ ሆዬ፣ አምስት ድምፅ ይዞ እዚያው ይዞራል። ታዲያ ባሲስቱ ምን ይሥራ? በፈረንጁ ደንብ ሥራ ፈት ነው! የአዲስ አበባ ልጆች ያገኙት መልስ ይህ ነው፦ ከአምስቱ ድምፅ አጭር ሐረግ ይሠራሉ፣ ሐረጉን እንደ ወፍጮ ደጋግመው ያዞሩታል፣ ዘፋኙ ከላይ እንደፈለገ ይሄዳል። በችክችካው ደግሞ እየተቆጠረ የሚሄደው አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት ነው፤ ብዙ ጊዜ ባሱ አንዱን ረዘም አድርጎ ይረግጣል፣ ሁለትን ይተወዋል፣ ሦስት ላይ አጠር አድርጎ ይነካል። ይህ የማን አካሄድ ነው? የከበሮ ነው። ትከሻችን የሚነሳው ለእሱ ነው። በቴፑ ባንሰማውም ትከሻችን ይከተለው የነበረው የከበሮውን ቅሪት ይሆናል።

ሌላም አለ። ሐዘን የሚበዛበት የትዝታ ቅኝት አምስቱ ድምፆችና የአምባሰል አምስቱ ድምፆች ያው አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ዜማው ቤቱን የሠራው፣ ተመልሶ የሚያርፈው የቱ ድምፅ ላይ ነው የሚለው ነው። ያንን ቤት ከሥር ይዞ የሚቆመው ባሱ ነው። ባሲስቱ ቤቱን ከሳተ ዘፋኙ ትዝታ እያለ ጆሮ ሌላ ይሰማል። ስለዚህ የእኛን ዘፈን በባስ መጫወት ቀላል ነው የሚል ካለ አትመኑት፤ ድምፁ ጥቂት ስለሆነ ስህተቱ ይጎላል።

በዚህ ሥራ ስማቸው መነሳት ካለበት አንዱ ጆቫኒ ሪኮ ነው። የአይቤክስ ባንድ ባሲስት ነበር። ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን 1975 ላይ የቀዳው ከአይቤክስ ጋር ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ 1986 ላይ፣ አንድ የቤልጅግ ኩባንያ በሸክላ አውጥቶት የአውሮፓን ሰው ጉድ አሰኘ። ፈረንጆቹ የተደመሙት በማሕሙድ ድምፅ ብቻ አይመስለኝም፤ ከሥር እየዞረ ሰውን በሚያፈዘው ሐረግም ጭምር ነው። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ። ጆቫኒ ከጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ጋር ሆኖ ያንን ሁሉ ካሴት የሠራው ሮሃ ነው። በ1980ዎቹ የወጣ ካሴት በቤታችሁ ካለ ሽፋኑን ገልብጡና እዩት፣ ሮሃ የሚለውን የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

ሌላው መላኬ ገብሬ ነው፣ የዋልያስ ባንድ ባሲስት። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ነበር የሚሠሩት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ ስላለ መሽቶበት ሆቴል የገባ ሰው ሲነጋ ነው የሚወጣው። ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረበት። ዘፋኝ ቢደክመው ይቀመጣል፤ ባሲስትና ከበሮ መቺ ግን ካቆሙ ጭፈራው ቆመ ማለት ነው። 1981 ላይ ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄዱ። ገሚሱ ተመለሰ፤ መላኬ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና ግርማ በየነ እዚያው ቀሩ። በዋሽንግተን ሌሎች ወጣቶችም ነበሩ፤ 1984 ላይ አድማስ የተባለው ባንድ አንድ ሸክላ አሳተመ። የአድማስ ባሲስት ሄኖክ ተመስገን ነው። በቦስተኑ የበርክሊ ኮሌጅ ተምሮ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰና ጃዝ ማስተማር ያዘ። ስደት ወጥቶ ሙያ ይዞ ገብቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያን ያህል አያስደስትም። ኪቦርዱ መጣ። አንድ ሰው በግራ እጁ ባሱን፣ በቀኝ እጁ ዜማውን ይይዛል፣ ከበሮውን ማሽኑ ይመታል። አምስት ስድስት ሰው ይበላበት የነበረው ሥራ ለአንድ ሰው ሆነ። ለሠርግ ደጋሽ ረከሰለት፣ አልፈርድበትም፤ እዚህ እስራኤልም ስንት ልጅ የዳርነው በአንድ ኪቦርድና በአንድ ዘፋኝ አይደለም እንዴ? ግን የኪቦርዱ ባስ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ጨፋሪው ሲሞቅ አይሞቅም፣ ሲደክም አይጠብቀውም። ሰውየው ባሱን በእጁ ሲይዘው ግን ጨፋሪውን ያያል፤ ትከሻው ሲፋፋም እሱም ይጨምራል።

የሚገርመው፣ በዚያው ጊዜ ባሱ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። አዲስ አበባ በባህል ምሽት ቤቶች የሚሠሩት ባንዶች ሁለት ክራር ይዘው መቆም ጀመሩ። አንዱ ዜማውን የሚመራው «ሊድ ክራር» ነው፤ ሌላው «ቤዝ ክራር»። ቤዝ ክራሩ ሳጥኑ ትልቅ፣ ክሩ ወፍራም ነው፤ በኤሌክትሪክ ማጉያ ይሰማል። ቅርፁ የአያቶቻችን ክራር፣ ሥራው የፌንደር ባስ! ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከከበሮ አጠገብ ቆሞ ያንኑ ሐረግ ያዞራል። «ባስ የእኛ አይደለም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

እዚህ አገር የተወለዱትና በሕፃንነት የመጡት ደግሞ ባሱን ያገኙት በሬጌ በኩል ነው። በሬጌ ዜማውን የሚሸከመው ባስ ነው፤ ጊታሩ ቺክ ቺክ እያለ አጃቢ ነው። የቦብ ማርሌይ ባሲስት አስተን ባሬት «ፋሚሊ ማን» ይባል የነበረው ባንዱን እንደ ቤተሰብ ስለያዘ ነው። በቴል አቪቭ የተመሠረተው ዝቩሉን ደብ ሲስተም፣ ጊሊ ያሎ እየዘፈነለት፣ 2014 ላይ «አንበሳ ደብ» የሚለውን አልበም ሲያወጣ የአገር ቤት ዘፈኖችን በዚህ ከባድ ባስ ላይ አስቀመጣቸው። ጊሊ በዘመቻ ሙሴ ጊዜ በሕፃንነቱ የመጣ ልጅ ነው። አስቴር ረዳ፣ 1985 ላይ ቂርያት አርባ የተወለደችው፣ በዚያው 2014 የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ነይ» በራሷ አልበም ላይ ዘፈነችው። በእነዚህ ሥራዎች ባሱ አይደበቅም፤ ፊት ለፊት ነው የቆመው። ልጆቻችን «ባስ» ሲሉ በጆሯቸው ያለው ይህ ነው።

ወደ ቤታችን ጉዳይ ልግባና ልጨርስ። ልጃችሁ ትንሽ ከሆነ ሙሉውን መጠን አትግዙ። የመደበኛው ባስ ክር ርዝመት 86 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ለትንሽ እጅ 76 ሳንቲሜትር የሆነ አጭር ባስ አለ፣ በሱቅ «ባስ ካጸር» ብላችሁ ጠይቁ። ጀማሪ ከሆነ ያገለገለ ይበቃዋል፤ አንገቱ እንዳልተጣመመና ሁሉም ክር በየፍሬቱ እንደሚሰማ የሚያውቅ ሰው ይየው። ክብደቱ አራት ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ማንገቻው ሰፊ ይሁን፣ ቀጭኑ ትከሻ ይቆርጣል። ግራኝ ልጅ ካላችሁ ለግራኝ የተሠራ ባስ አለ።

ስለ ጎረቤት ደግሞ፦ ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አያቆመውም፤ ሞገዱ ስምንት ሜትር ያህል ይረዝማልና የካርሜ ጋት ፎቅ በር ቢዘጋም ያልፋል። ማማዱ ውስጥ ቢለማመድ ወፍራሙ ኮንክሪት ትንሽ ይረዳል፤ ብቻ ዕቃው መግቢያውን እንዳይዘጋ። ማጉያውን ባዶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፣ ወለሉ ራሱ ድምፁን ወደ ታችኛው ቤት ያወርደዋል፤ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ወንበር ላይ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ግን የጆሮ ማዳመጫ፣ ኦዝኒዮት፣ የሚሰካበት ማጉያ መግዛት ነው። ያኔ ቤት ውስጥ የሚሰማው የክሩ ትክ ትክ ብቻ ነው፣ ለጎረቤትም ለእናትም እረፍት።

ማዳመጫው ሲገዛ እናንተም አንዴ ጆሯችሁ ላይ አድርጉትና «ኧረ መላ መላ»ን ክፈቱ። ማሕሙድን ለጊዜው ተዉት፣ ከሥር ያለውን ተከተሉ። ከዚያ ልጁን «ይቺን የምትዞረውን አውጣልኝ» በሉት። አጭር ናት፤ በተወሰኑ ሳምንታት ልምምድ ይደርስባታል፣ ችክችካው ላይ ግን እናንተ እያጨበጨባችሁ ብታግዙት ይፈጥናል።